ባዶና ዜሮ

«ይቺ ጣይባ አሊ የምትባለዋ ሌላ ጣይባ ካልሆነች ዝርዝሩ ተሳስቷል» አለ ተሰማ፣ ጣቱን ከወረቀቱ ላይ ሳያነሳ። «የኛዋ ጣይባ ልጆች ቢሰለፉ ከቦዩ አፍ እስከ መስጊዱ ይደርሳሉ።»

ውባለም ቀና ሳትል «ሌላ ጣይባ አሊ አለች?» አለችው።

«የለችም።»

«እንግዲያው እሷው ናት።»

«እሷ ከሆነችማ ዜሮ ልጅ የሚለው ከየት መጣ?»

ውባለም እርሳሷን አስቀመጠች። የቆርቆሮው መጋዘን ገና በአራት ሰዓት እንደ ምጣድ ግሏል። ከአዲስ አበባ ይዛው የመጣችው የኮምፒውተር ማሽን ዝርዝር፣ እየታጠፈ የሚዘረጋ ረጅም ወረቀት፣ በሁለት የማሽላ ጆንያዎች ላይ ተዘርግቷል። ከሮቢ ወንዝ የተጠለፈው አዲሱ ቦይ የሚያጠጣው ሦስት መቶ ቁራጭ መሬት ነው። የተመዘገቡት አባወራዎችና እማወራዎች አራት መቶ አስራ ሁለት ናቸው። ልጅ የበዛበት ቤት ይቀድማል ተብሎ ተወስኗል፤ ማሽኑም በልጅ ብዛት ከላይ ወደ ታች ደርድሯቸዋል። ከሦስት መቶኛው ስም በታች ያለው የዝናብ ማሽላውን እየጠበቀ ይኖራል። ዝርዝሩ ዛሬ ስምንት ሰዓት ላይ ይነበባል፣ እሷ ትፈርማለች፣ ከዚያ በኋላ ለአምስት ዓመት የሚነካው የለም። አስር ሰዓት ላይ ያመጣት ላንድሮቨር ይነሳል። የመጣችው ለዚህ ብቻ ነበር፤ ከሸዋ ሮቢት ሙቀት ጋር ከአንድ ቀን በላይ ለመተዋወቅ ሐሳብ አልነበራትም።

ወረቀቱን ወደ መጨረሻው ገልብጣ ዜሮዎቹን ቆጠረች። ስልሳ አንድ ናቸው።

«ከላይ ጀምረህ ንገረኝ» አለችው።

ተሰማ ቤት ለቤት ዞሮ የመዘገበው እሱ ራሱ ነው። ስምንተኛ ክፍል ጨርሷል፣ የእጅ ጽሑፉ የቄስ ነው፣ በቀወት ወረዳ ቀበሌዎች ውሻ ያለበትንና የሌለበትን ደጅ ለይቶ ያውቃል። «ይሄኛው ቢያንስ ስድስት አሉት። ይቺ ዓምና መንታ ወልዳለች፣ ከዚያ በፊት የነበሩትን ሳንጨምር። እኚህ ደግሞ... » ቆም አለ። «እኚህ ልክ ናቸው። ልጅ የላቸውም።»

«ቅጾቹ የት ናቸው?»

ቅጾቹ ከቁምሳጥኑ ውስጥ በሲባጎ ታስረው ወጡ። ተሰማ የጣይባን ፈልጎ አቀበላት። ስም አለ፣ ቀበሌ አለ፣ ዕድሜ «አርባ ግድም» ተብሏል፣ ባል «ሟች»። «የልጆች ብዛት» የሚለው ሳጥን ግን ባዶ ነው።

«ምንም አልተጻፈበትም።»

«አዎ። አልነገረችኝማ።»

«ለምን?»

ተሰማ ይህን ያህል የተማረ ሰው እንዲህ ያለ ጥያቄ መጠየቁ እያስገረመው አያት። «ልጅ ይቆጠራል እንዴ፣ ወይዘሪት? የቆጠሩት ይጎድላል። ከብትም እንደዚያው ነው። በዚህስ እስላሙም ክርስቲያኑም አንድ ነው። ከተማ የቀመሰ፣ ወታደር ቤት የነበረ፣ እሱ ይናገራል። ሌላው እግዜር ያውቃል ይላል፣ አላህ ያውቃል ይላል። ያልነገረኝን ከየት አምጥቼ ልጻፍ? ባዶ ተውኩት።»

«የሌለውስ?»

«የሌለውን ዜሮ ብዬ ጽፌያለሁ። ይኸው።» ሌላ ቅጽ መዘዘ። ሳጥኑ ውስጥ ክብ፣ ንጹህ፣ በቀለም የተሞላ ዜሮ ተቀምጧል። «የሌለውና ያልተናገረው አንድ አይደለም ብዬ።»

ውባለም ሁለቱን ቅጾች ጎን ለጎን አድርጋ ብዙ አየቻቸው። ስህተቱ የት እንደተሠራ አወቀች። ማን እንደሠራውም አወቀች።

ዩኒቨርሲቲ ሳለች ማሽኑን የምታዝበት የመጀመሪያ ቋንቋዋ ኮቦል ነበር። ኮቦል ቁጥር በሚጠብቅበት ቦታ ባዶ ካገኘ ይቆማል፤ ሥራውን ሁሉ ጥሎ፣ መረጃው የተበሳበትን ካርድ ሁሉ መልሶ፣ ሰውን ወደ ሰልፉ መጨረሻ ይመልሳል። ውባለም በዚህ የተነሳ ሙሉ መንፈቅ ስትረግመው ከርማለች። ቢሆንም እያንዳንዱን ካርድ በመስኮት ብርሃን ላይ አንስታ የማየት ልማድ አስይዟት ነበር። ሥራ ስትጀምር የገጠማት ቋንቋ ፎርትራን ነው፣ ፎርትራን ደግሞ ቸር ነው። ባዶ ካገኘ ዜሮ ብሎ ያልፋል። አይጠይቅም፣ አይቆምም፣ አያሳፍርም። በሦስት ወር ውስጥ ካርድ ማንሳቱን ተወች። ጥንቃቄዋ ከጣርማ በር ወደ ቆላ ሲወረድ እንደሚወልቅ ካፖርት ሳይታወቃት ወለቀ፤ ሲወልቅም ቀለላት እንጂ አልበረዳት። ከእሷ ክፍል ውስጥ ሥራ ቶሎ የሚጨርስ እሷን የሚያክል እንደሌለ ሁሉም ያውቃል። ፍጥነቷ ግማሹ የራሷ፣ ግማሹ የቋንቋው ቸርነት መሆኑን ግን ማንም አልጠየቃት፣ እሷም አልጠየቀች።

ቅጾቹ አዲስ አበባ ሳሉ፣ ካርድ የሚበሱት ሴቶች አለቃ ዘነበች ይዛቸው መጥታ ነበር። «እዚህ ባዶም አለ፣ ዜሮም አለ። ለየብቻ ነው የምንበሳው?» ብላ ጠየቀቻት። ውባለም ለምሳ ስትወጣ ደረጃው ላይ ነበረች። «ማሽኑ ለሁለቱም አንድ ነው፣ ዜሮውንም ዝለሉት፤ ጊዜ አታባክኑ» አለቻት። አራት መቶ አስራ ሁለቱ ካርዶች በዚያው ከሰዓት አለቁ።

«ስንት ባዶ አለ?» አለች አሁን።

ቅጾቹን ተካፍለው ለዩ። ሃምሳ ሁለት ባዶ፣ ዘጠኝ ዜሮ።

የፕሮጀክቱ ኃላፊ አቶ ሀይሉ ባርኔጣውን እያራገበ ሲገባ ቅጾቹ በሁለት ክምር ተቀምጠው አገኛቸው። ሃምሳ ዓመት ያለፈው፣ ለሠራተኞቹ አባት መሆን የሚወድ ሰው ነው። ውባለም ይቀመጡ እንኳ ሳትለው ነገሩን በአራት ዓረፍተ ነገር ነገረችው።

«ሃምሳ ሁለት» አለ ሀይሉ። ጆንያ ላይ ተቀመጠ። «ማሽኑ ተበላሽቶ ነው እንበላ።»

«ማሽኑ አልተበላሸም። ያልኩትን ነው ያደረገው።»

«ልጄ፣ ማሽን ተበላሸ ሲባል ማንም ክፉ አያስብም። ሰው ተሳሳተ ሲባል ግን ማን ነው ይባላል። ለማንኛውም ዛሬ ይነበብ። ሰኞ መሬቱን የሚሸነሽኑት ካስማ ተካዮች ይመጣሉ። ቅር ያለው አቤት ይበል።»

«ለማን?»

«ለእኔ።»

«እርስዎስ?»

«ለአዲስ አበባ እጽፋለሁ።»

«አዲስ አበባ ደግሞ ወደ እኔ ይመራዋል። እኔም ዝርዝሩን አይቼ ዜሮ ይላል ብዬ እመልሳለሁ። ከዚያ ፋይሉ ይዘጋል።»

ሀይሉ ሳቅ አለ፣ ግን አልተደሰተም። «ይሄንን አስበሽዋል? ሃምሳ ሁለት ስታስገቢ ሃምሳ ያህል ታስወጫለሽ። ስሙ እንዳለበት የሰማ ሰው አለ። እዚህ አገር ወሬ ከመኪና ይቀድማል።»

ከቁምሳጥኑ በኩል ተሰማ «ሁለት መቶ ዘጠና ሰባተኛው ወንድሜ ነው» አለ።

ሁለቱም ዞሩ። ተሰማ ሲባጎውን በጣቱ እየጠመጠመ ነበር። «ተክሌ ገብረሚካኤል። ሁለት ልጅ አለው። ትላንት ማታ ነግሬዋለሁ።»

«ታዲያ ለምን ጣይባን አሳየኸኝ?» አለች ውባለም።

«ዜሮ ስለሚል ነዋ። እኔ ዜሮ አልጻፍኩም።»

ሀይሉ ባርኔጣውን አጠለቀ። «እሺ። የገበያ ቀን ነው፣ ሰው ሁሉ እዚሁ ነው። እስከ አስር ሰዓት የምታገኙትን ጠይቁ። አስር ሰዓት ላይ አዲሱን ቁጥር ይዘሽ ትሄጃለሽ። ነገ ጠዋት ማሽኑ ላይ ሰዓት አለሽ አይደል?»

«ሦስት ሰዓት ላይ። ያ ካለፈ ወረፋው ሦስት ሳምንት ነው።»

«እንግዲያው አይለፍ። ያላገኘሽውን አምስት አምስት አድርጊው። አማካዩ አምስት ነው ያልሽኝ አንቺው ነሽ።»

ከመጋዘኑ ፊት ለፊት ከግራሮቹ ሥር ሰዉ ሞልቶ ነበር። ወንዶቹ ዱላቸውን ተደግፈው፣ ሴቶቹ አህዮቻቸውን አጠገባቸው አስረው ተቀምጠዋል። ውባለም የማንበቢያው ሰዓት እስኪደርስ አልጠበቀችም። የተገለበጠ የእንጨት ሳጥን ላይ ወጣች። ንግግር አትችልበትም፤ እንደምትጽፈው ተናገረች።

«ዝርዝሩ ዛሬ አይነበብም። ስህተት አለበት። የልጆቻቸውን ቁጥር ያልተናገሩ ሰዎች ልጅ እንደሌላቸው ተደርገው ተመዝግበዋል። ስህተቱን የሠራሁት እኔ ነኝ።»

ከፊት የተቀመጡ ሽማግሌ፣ ቃሲም የሚባሉ፣ ጢማቸውን ዳሰሱ። «ማሽን ነው የሚደለድለው ብለውን ነበር።»

«ማሽኑ እኔ ያልኩትን ነው የሚለው።»

«አንቺ ደግሞ አላየሽንም።»

«አላየኋችሁም።»

«እንግዲያውስ እውነትሽን ነው፤ አዲስ አበባ ላይ ሆኖ ሲታይ እኛ ዜሮ ነን» አሉ ቃሲም፣ ሰዉም ሳቀ። የውባለም ፊት ነደደ፤ ደግነቱ ከሙቀቱ አይለይም።

ስሞቹን ጠራች። መጀመሪያ የቀረበችው ጣይባ ናት፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ጥቁር ሻርፗን በትከሻዋ የጣለች፣ የምታስረው ነዶ እጇን ያሻከረባት ሴት። ከውባለም ፊት ቁጢጥ አለች።

«እትዬ ጣይባ፣ ስንት ልጆች አሉዎት?»

«አልሃምዱሊላህ፣ አላህ የሰጠኝን ያህል።»

«ቁጥሩን ነው የምጠይቅዎ።»

«ቁጥሩን እሱ ያውቃል።»

«እሱ ቢያውቅም መሬት የሚሰጠው መንግሥት ነው።»

«ታዲያ መንግሥት እሱን ይጠይቃ።»

ከኋላ ያሉት ሴቶች በሳቅ ፍርፍር አሉ። ውባለም ሰዓቷን አየች። ሃምሳ አንድ ሰው ይቀራል። «እትዬ፣ ካልነገሩኝ ውሃው አጠገብዎ እያለፈ ይኖራል።»

«አውቃለሁ።» ጣይባ አልሳቀችም። «ቦዩ የሚያልፈው በእኔ ማሽላ ጥግ ነው። ሲቆፈር ቀን ሠራተኛ ነበርኩ። ውሃው የት እንደሚደርስ ካንቺ ይልቅ አውቀዋለሁ። ግን ልጆቼን በአደባባይ ቆጥሬ፣ አንዱ ነገ ንዳድ ቢይዘው፣ ያ መሬት ምን ይለኛል?»

ውባለም ሞኝነት ነው ልትል ፈለገች፤ ግን እሷም ብትሆን ምክንያቱን ሳትጠይቅ የምታደርገው ነገር ዛሬ ጠዋት ተቆጥሮ ሃምሳ ሁለት ሆኖባታል። ትዕግሥቷ አለቀና በብስጭት ጠየቀች፣ «ማታ ወደ ቤት ሲጠሯቸው ምን ብለው ነው የሚጠሯቸው?»

«በስማቸው ነዋ።»

«እንግዲያው ይጥሯቸው።»

ጣይባ አየቻት። ከዚያ ተሰማን አየችው፤ እሱም ትከሻውን ነቀነቀ። «ስም መጥራት ሌላ፣ መቁጠር ሌላ» አለች ለራሷ ያህል። «አንቺ በልብሽ የምታደርጊውን እኔ አላይ።»

«አያዩም።»

ጣይባ ፊቷን ወደ እርሻው አዞረችና ድምፅዋን ከፍ ሳታደርግ፣ ግን በሚጠራበት ዜማ ጠራቻቸው። «ኢብሮ። ዘምዘም። ሙሚና። ሰይድ። አህመድ። ፋጡማ። ሁሴን።» ሻርፗን ወደ አንገቷ ሳበች። «መሪያም።»

ውባለም በቅጹ ዳር ላይ ስሞቹን በተራ ጻፈች። ስምንተኛው ላይ የጣይባ ድምፅ ዝቅ ማለቱ አላመለጣትም።

«መሪያም ትንሿ ናት?»

«ዓምና ክረምት ሄደች።»

«ልጻፋት?»

«አትበላም፣ ለመሬቱ አትጻፊያት። ግን ስማቸውን ስጠራ እሷን ዘልዬ አላውቅም።»

ውባለም የጻፈችውን አልሰረዘችም። ከስሙ ሥር ቀጭን መስመር አሰመረችና ሳጥኑ ውስጥ ሰባት ብላ ሞላች፣ ጣይባ እንዳታየው በእጇ ከልላ።

ከዚያ በኋላ ሥራው ሄደ። ቃሲም የልጅ ልጆቻቸውን ጭምር ካልጠራሁ ብለው ሩብ ሰዓት ፈጁ። አንዷ የባሏን የመጀመሪያ ሚስት ልጆች ከራሷ አስቀድማ ጠራች። ጌጤ የምትባል ከደጋው በኩል የወረደች ሴት ልጆቿን በክርስትና ስማቸው ትጠራና ወዲያው የቤት ስማቸውን ስትጨምር ልጆቹ እጥፍ ሆኑ፤ ተሰማ ነው ያቃናው። ውባለም አንድም ጊዜ ጮክ ብላ አልቆጠረችም። ጣቶቿ በእርሳስ ጠቁረው፣ ሸሚዟ ጀርባዋ ላይ ተጣብቆ፣ ስምንት ሰዓት አለፈ፣ ዘጠኝ አለፈ።

ላንድሮቨሩ ሊነሳ ሲል የቀሩት ስድስት ቅጾች ናቸው።

«የእነዚህ ቤት የት ነው?» አለች።

«ወደ ገደሉ ወገብ ነው» አለ ተሰማ። «ለገበያ በአስራ አምስት ቀን አንዴ ነው የሚወርዱት። መኪና አይወጣም።»

ሀይሉ ከመኪናው በር አጠገብ ቆሞ ይጠብቃት ነበር። «አርባ ስድስት አቃንተሻል። ይሄም በቂ ነው። አምስት አምስት በያቸውና መኪናው ላይ ውጪ። ካልነገርሽ የሚያውቅ የለም፣ ማሽኑም አይጠይቅሽ።»

ውባለም እርሳሷን በመጀመሪያው ቅጽ ሳጥን ላይ አሳረፈች። አባወራው ሰላሳ ዓመቱ ነው። አምስት ሊኖረው ይችላል። አንድም ላይኖረው ይችላል። አምስት ብትል መሬት ያገኛል፣ የሌለውም ከሆነ ተክሌን ወይም ተክሌን የመሰለ ሌላ ሰው አስወጥቶ ያገኛል። ማሽኑ ግን በርግጥ አይጠይቃትም። ይቀበላል፣ ይደረድራል፣ ነገ ስድስት ሰዓት ላይ ወረቀቱ በእጇ ይሆናል፣ ንጹህና ቀጥ ያለ፣ ሲያዩት የሚታመን። እርሳሷን አነሳች።

«አቶ ሀይሉ፣ ቅጾቹ ስንት ናቸው?»

«አራት መቶ አስራ ሁለት። አንቺ አታውቂም?»

«አራት መቶ አስራ ሁለት ወረቀት በእጅ ይደረደራል። ነገ እነዚህን ስድስት ሰዎች እንጠይቃለን። ቅዳሜ መጋዘኑ ወለል ላይ እንደረድራለን። ለሰኞ ይደርሳል።»

«ከላይ የሚጠበቀው የማሽን ዝርዝር ነው። በእጅ የተጻፈ ማን ያምናል?»

«እኔ እፈርምበታለሁ። ስህተት ቢገኝበት ማን ነው ብለው አይፈልጉም፣ ስሜ አለ።»

«ነገ ማሽኑ ላይ ሰዓት አስይዘሽ ቀረሽ ሲባል ምን እንደሚሉሽ ታውቂያለሽ? አንቺን ለመሸኘት ሰበብ የሚፈልጉ አሉ።»

«አውቃለሁ።»

ሀይሉ ከመኪናው በር ፈቀቅ አለ። ሾፌሩ ሞተሩን እንዳስነሳ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ አያት። ውባለም ከአዲስ አበባ ይዛ የመጣችውን የካርዶቹን ሳጥን ከኋላ ወንበር ላይ አውርዳ መሬት አስቀመጠችና በሩን ዘጋችው።

«ሂድ» አለችው። «ለዘነበች ንገራት፣ ሰዓቱን ለሌላ ሰው ይስጡት።»

መኪናው ወደ ደብረ ሲና መንገድ ወጥቶ እስኪሰወር አላየችውም፤ ስድስቱን ቅጾች እያጠፈች ነበር።

«ስንት ሰዓት እንነሳ?» አለችው ተሰማን።

«ፀሐይ ሳትበረታ፣ ከሌሊቱ አስራ አንድ ሰዓት። አቀበት ነው፣ ሦስት ሰዓት ያስኬዳል።» ወደ ከተማ ጫማዋ ዝቅ ብሎ አየ፣ ከዚያ ጨዋ ሰው ስለሆነ ወደ ሌላ አየ። «ወንድሜ ሁለት ልጅ ብቻ ነው ያለው» አለ ቀስ ብሎ፣ ማንም ሳይጠይቀው።

«አውቃለሁ» አለች ውባለም። ቅጾቹን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ገበያው ገና ያልተበተነ መሆኑን አየች። «የበረባሶ ጫማ ተራው በየት በኩል ነው?»